የማን ስኪን ከለር?

የባሌት ጫማ መቀባት እንደ ዶሮ ወጥ ነው፤ ከተቻኮሉበት ያስታውቃል። መጀመሪያ ወለሉ ላይ ካርቶን ይነጠፋል። ከዚያ ያው ሴቶች ፊታቸውን የሚቀቡት ፋውንዴሽን ትንሽ ሰሃን ላይ ይጨመቃል። በስፖንጅ እየነከሩ ሮዙን ሳቲን ቀስ እያሉ ጠብ ጠብ ማድረግ ነው። ማሸት አይቻልም፤ ካሹት መስመር መስመር ይሠራል። ስፌቱ ጋ ሲደርሱ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። ማድረቅ፣ ከዚያ ሁለተኛ ዙር። አርባ ደቂቃ፣ እስኪደርቅ የሚጠበቀው ሳይቆጠር። ቀለሙ ስለሚላጥ በየሳምንቱ ይደገማል።

ይህን ሥራ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቴ ሠርቼዋለሁ። በሳምንት አንዴ፣ በዓመት አርባ ሳምንት፣ ስድስት ዓመት። አስቤዋለሁ፤ 160 ሰዓት ይመጣል። ዳንሰኞች ሥራውን «ፓንኬክ ማድረግ» ይሉታል። የሚበላው ፓንኬክ እንዳይመስላችሁ፤ ስሙ የመጣው ፓንኬክ ከሚባለው የማክስ ፋክተር የድሮ የፊልም ሜካፕ ነው። ነጮቹ ልጆችም አንዳንዴ ጫማቸውን ይቀቡ ነበር፣ ሳቲኑ በመድረክ መብራት እንዳያብረቀርቅ። እኔ የምቀባው ግን ጫማው የኔ እንዲሆን ነበር።

ለማታውቁት ላስረዳ። ፑዋንት የሚባለው በእግር ጣት ጫፍ ለመቆም የሚያስችለው ጫማ ነው። ውስጡ ብረት ወይም እንጨት ያለበት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ የለበትም። ጣቶቹን አቅፎ የሚይዘው ጠንካራ ክፍል ጨርቅና ወረቀት በሙጫ ተደራርቦ የደረቀ ነው። ከሥሩ ደግሞ መሃል እግርን የሚደግፍ ጠንካራ ሶል አለ። ሙጫው ላብ በነካው ቁጥር ይለሰልሳል፤ ሲለሰልስ ጫማው «ሞተ» ይባላል። ትልቅ ባለሙያ በአንድ ምሽት ትርኢት አንድ ጥንድ ልትጨርስ ትችላለች። ተማሪ ትንሽ ያቆያታል፤ ግን አንዱ ጥንድ ከ100 ዶላር በላይ ነው። ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል ለምትሠራው እናቴ ይህ ቀልድ አልነበረም። ጫማውን ቀለም ውስጥ ነክሮ መገላገል የማይቻለውም በዚሁ ሙጫ ምክንያት ነው፤ ከራሰ አለቀለት። ሪባኖቹን ግን እናቴ ወፍራም ሻይ ውስጥ ትዘፈዝፋቸው ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ኩሽናችን ውስጥ፣ ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ የተሰጡ ሪባኖች አይጠፉም ነበር።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ጫማው በአንድ ቀለም ብቻ ይሸጥ ስለነበር ነው፤ ሮዝ። እሱም እንደ ሎሚ ከረሜላ የሚጮህ ሮዝ ሳይሆን ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ሥጋ የሚያደላ ሮዝ። አዲስ አበባ ሱቅ ገብታችሁ «ስኪን ከለር ታይት አለ?» ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ሻጩ የሚያወጣላችሁን ቀለም አስታውሱ። የናንተን እግር ይመስላል? የሻጩንስ? አገሩ ሁሉ ጠይም፣ ዕቃው ግን የፈረንጅ እግር የሚመስል። «ስኪን» ስንል የማን ስኪን እንደሆነ ማንም አልጠየቀንም፤ እኛም አልጠየቅንም። አሜሪካም ቢሆን ክራዮላ የተባለው የልጆች ከለር ፋብሪካ አንዱን ፈዛዛ ቀለም «ሥጋ» ብሎ ሲሸጥ ኖሮ ስሙን ወደ «ኮክ» የለወጠው በ1962 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ባሌት ውስጥ ደግሞ ሮዙ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሥራ አለው። በ1832 ፓሪስ ላይ ማሪ ታልዮኒ «ላ ሲልፊድ» በተባለው ባሌት በጣት ጫፍ ስትደንስ የለበሰችው ነጭ ስስ ቀሚስ ነበር። ከዚያ በ1841 «ዢዜል» መጣ፤ ሳይዳሩ የሞቱ ልጃገረዶች መንፈስ በጨረቃ ብርሃን የሚደንሱበት። ከዚያ «ስዋን ሌክ»። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ላባ፣ ጨረቃ። መሬት የማይነኩ የሚመስሉ ሴቶች። ፈዛዛው ሮዝ ጫማና ታይት ለእነዚያ ዳንሰኞች ቆዳ የቀረበ ስለነበር ጫማው እንደ ሌላ ዕቃ ሳይሆን እንደ እግራቸው ቀጣይ ይታይ ነበር።

የባሌት አስተማሪ ከምንም በላይ የሚጮህበት ነገር «መስመር» ነው። ከዳሌ ተነስቶ በጉልበት፣ በቁርጭምጭሚት አልፎ እስከ ጣት ጫፍ ሳይቋረጥ የሚፈስ መስመር። ዓይን የሚቆምበት ቦታ ማግኘት የለበትም። አሁን ጠይም እግር ላይ ሮዝ ጫማ አድርጉና ከሩቅ እዩ። ዓይናችሁ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቆማል። ሮዝ ታይት ስትጨምሩበት ደግሞ ዳሌ ላይ ይቆማል፤ ከወገብ በላይ አንድ ሰው፣ ከወገብ በታች ሌላ ሰው። እኔ ይህን ያወቅኩት ስለ ዘር ከተጻፈ መጽሐፍ አይደለም። መስታወት ፊት ቆሜ፣ ዓይኔ የት እንደሚቆም እያየሁ ነው። ስለዚህ ቡናማ ጫማ የሚጠይቅ ሰው «ወጉን ልትሰብር ነው» ሲባል ይገርመኛል። የባሌት ወግ የሚለው መስመር አይቆረጥ ነው። ሮዙ የኔን መስመር ይቆርጠዋል።

ቤታችን ውስጥ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። መጀመሪያ ስሙ ራሱ ችግር ነው። ፈረንጆቹ ቃሉን ሲጠሩት «ባሌ» ነው የሚሉት፤ መጨረሻው ላይ ያለው ት አይሰማም። በዘጠኝ ዓመቴ አዲስ አበባ ላለችው አያቴ በስልክ «እማማ፣ ዛሬ ባሌ አለኝ፣ መሄድ አለብኝ» አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ባልሽ? እናትሽን አቅርቢልኝ!» እስከዛሬ ቤተሰቡ በተሰበሰበ ቁጥር ይነሳል፤ «ባልሽ ደህና ነው?» ይሉኛል።

ሁለተኛው ነገር ቀለሜ ነው። ቤት ውስጥ እኔ «ቀይ» ነኝ። አክስቶቼ ሲያስተዋውቁኝ «ይቺ ቀይዋ» ነው የሚሉት፤ ጠይሟ ታላቅ እህቴ ናት። አማርኛ በዚህ አይታማም፦ ጥቁር፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ። አንድ እናት የወለደቻቸውን ልጆች በአራት ቀለም ይደረድራል። ስቱዲዮ ስገባ ግን ያ ሁሉ ስም በር ላይ ይቀር ነበር። ከሃያ ሁለት ልጆች ሁለታችን ብቻ ነበርን ሮዝ ያልሆንነው፤ እኔና አባቷ ከጋና የመጣ አንዲት ልጅ። የሷ ቆዳ ከኔ በብዙ ይጠቁራል። ሆኖም አለባበስ የምታድለዋ ሴትዮ ለሁለታችንም አንድ ጠርሙስ ፋውንዴሽን ሰጠችን። የሷን እግር ሲያነጣ የኔን ያጠቁር ነበር። እየተያየን ሳቅን። አሁን ሳስበው እሷ ከኔ የበለጠ እየሳቀች አልነበረም።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ፣ ታኅሣሥ 2014፣ «ነትክራከር» ላይ በበረዶው ጭፈራ ውስጥ ተመደብኩ። አሜሪካ ውስጥ ነትክራከር ማለት እንደኛ የገና ዶሮ ነው፤ ያለሱ በዓል የለም። የትምህርት ቤቱን ኃላፊ ሄጄ በቆዳዬ ቀለም ታይትና ጫማ ልልበስ ብዬ ጠየቅኩ። ክፉ ሴት አልነበረችም። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። የበረዶ ቅንጣቶች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ ተመልካች አንዷን ነጥሎ ማየት የለበትም አለችኝ። «ሮዝ ስለብስስ ነጥለው አያዩኝም?» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም፤ ወደ ልምምድ ተመለሽ አለችኝ። በሮዝ ደነስኩ። እናቴ ከበረንዳው ወንበር በስልኳ የቀረጸችው ቪዲዮ አሁንም አለ። ፊቴ አይታይም፣ ርቀቱ ብዙ ነው። ግን ከአሥራ ስድስቱ የትኛዋ እኔ እንደሆንኩ ለማወቅ ሁለት ሴኮንድ አይፈጅባችሁም።

ይህ ጥያቄ ከኔ በፊት ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ጃኔት ኮሊንስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት በ1930ዎቹ፣ ገና ልጅ ሳለች፣ ለባሌ ሩስ ደ ሞንቴ ካርሎ ተፈትና ነበር። ችሎታዋ አላጠያየቀም፤ ግን መድረክ ላይ ለመውጣት ፊቷን ነጭ መቀባት እንዳለባት ተነገራት። እምቢ ብላ ሄደች። በ1951 የኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቀጠራት፤ እዚያ በቋሚነት የመጀመሪያዋ ጥቁር ዋና ባሌሪና ሆነች። ሬቨን ዊልኪንሰን ደግሞ በ1955 ያንኑ ባሌ ሩስ ተቀላቀለች። ቆዳዋ ፈዘዝ ያለ ስለነበር ብዙዎች አይለዩዋትም ነበር። ቡድኑ በአሜሪካ ደቡብ ሲዞር አንድ ሆቴል ውስጥ ጥቁር ነሽ ወይ ተብላ ተጠየቀች። አልዋሽም አለች፤ አስወጧት። ከኩ ክለክስ ክላን ሰዎች ጋር ሳይቀር ተገናኝታለች። በመጨረሻ አገር ጥላ ሆላንድ ሄዳ ነው እንደ ልቧ የደነሰችው።

መልሱን መጀመሪያ ያገኘው የሃርለም ቡድን ነው። አርተር ሚቸል የኒውዮርክ ሲቲ ባሌት የመጀመሪያው ጥቁር ዋና ዳንሰኛ ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1968 ሲገደሉ ወደ ተወለደበት ሰፈር ተመልሶ ልጆች ማስተማር ጀመረ። በ1969 ከካረል ሹክ ጋር ዳንስ ቲያትር ኦፍ ሃርለምን መሠረቱ። በ1970ዎቹ ዳንሰኞቹ ሮዙን ትተው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቆዳ ልክ የተቀለመ ታይትና ጫማ ማድረግ ጀመሩ። «ጥቁር ሁሉ አንድ ጠርሙስ» አላሉም፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ። ሰዉም አየ፤ መስመሩ አልተቆረጠም። እንግዲህ መልሱ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መድረክ ላይ ቆሞ ይታይ ነበር። ጫማውን ግን ዳንሰኞቹ ራሳቸው ነበሩ የሚቀቡት።

ፋብሪካዎቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን እነሱም የሚሉት ነገር አላቸው። ፑዋንት እንደ ሸራ ጫማ በቁጥር ብቻ አይሸጥም። ርዝመት አለው፣ ስፋት አለው፣ የሶል ጥንካሬ አለው፣ የፊት ቁመት አለው። አንድ ቀለም በጨመሩ ቁጥር መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሁሉ በሌላ ይባዛል፤ ገዢው ደግሞ ጥቂት ነው። ነገር ግን ገዢው ጥቂት የሆነው ለምንድነው? ዕቃው ስለሌለ የሚመጣ ልጅ የለም፣ ልጅ ስለሌለ ዕቃው አይመረትም። እንቁላልና ዶሮ።

ይህ ክብ መሰበር የጀመረው እኔ መደነስ ባቆምኩ በዓመቱ ነው። በ2017 ጌይነር ሚንደን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሦስት ቡናማ ቀለሞች ማምረት ጀመረ። በ2018 ፍሪድ ኦፍ ለንደን፣ ከ1929 ጀምሮ ጫማ የሚሠራው፣ ባሌት ብላክ ከተባለው የለንደን ቡድን ጋር ሆኖ ሁለት ቀለም አወጣ። ባሌት ብላክን ካሳ ፓንቾ በ2001 ያቋቋመችው ጥቁርና እስያዊ ዳንሰኞች የሚሠሩበት ቦታ ስላልነበረ ነው። በ2019 ኢንግሪድ ሲልቫ የምትባል የሃርለሙ ቡድን ብራዚላዊት ዳንሰኛ በቆዳዋ ልክ የተሠራ ጫማ በፖስታ ሲደርሳት ደስታዋን ለዓለም አሳየች። አሥራ አንድ ዓመት ቀብታለች። የቀባቻቸው ጫማዎች አሁን ዋሽንግተን የሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ንብረት ናቸው። በ2020 ደግሞ ከ300,000 በላይ ሰው ትልልቆቹ አምራቾች እንዲለወጡ ፈረመ፤ እነሱም ቃል ገቡ።

የሦስቱን የጌይነር ሚንደን ቀለሞች ስም ልንገራችሁ? ካፑቺኖ፣ ሞካ፣ ኤስፕሬሶ። ለእናቴ ሳነብላት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ቡናው የኛ፣ ስሙ የጣልያን!» አለች። ቀጥላ ግን ቁምነገር ያዘች፦ «ታዲያ አንቺ የትኛዋ ነሽ?» ካፑቺኖ መሆኔን ነገርኳት። «ቀይ ማለት ነዋ» አለች፣ ደስ ብሏት።

ያቺ «ደስ ብሏት» ውስጤ ቀረች። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ የዘመድ ሠርግ ነበረን። ሙሽራዋ ጠይም፣ ፊቷ የጠዋት ፀሐይ የነካው የመሰለ ልጅ ናት። ሜካፕ ሠሪዋ ፋውንዴሽኗን ስታወጣ ከሙሽራዋ ፊት በሁለት ደረጃ የነጣውን መረጠች። ማንም ምንም አላለም። «ፈካ ትበል» ነው ነገሩ። አንገቷ ጋ ሲደርስ መስመር ሠራ፤ ከላይ አንድ ሰው፣ ከታች ሌላ ሰው። እኔ ስፖንጁን ነበር የማየው። እንዴት ጠብ ጠብ እንደሚደረግ አውቃለሁ። ያው ዕቃ ነው፣ ያው እጅ ነው፤ እኔ ሮዙን ወደ ቆዳዬ ለማምጣት ስድስት ዓመት የደከምኩበት፣ እዚህ ቆዳን ወደ ሮዙ ለመውሰድ። ስለዚህ የባሌት ዓለም ብቻውን ጥፋተኛ ነው ብዬ መጻፍ አልችልም። ቀይ ተብዬ ስሞገስ ጠይሟ እህቴ ክፍል ውስጥ ነበረች።

ጫማ ሥራ እንደማያስቀጥርም መናገር አለብኝ። ሚስቲ ኮፕላንድ በ2015 የአሜሪካን ባሌት ቲያትር ዋና ዳንሰኛ ስትሆን ኩባንያው 75 ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ዘመን የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት እሷ ናት። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ዜናውን ስሰማ መጮሄን ጎረቤት ያስታውሳል። ክሎኤ ሎፔስ ጎሜስ በ2018 በርሊን ስታትስባሌት ገባች። ሴት ጥቁር ዳንሰኛ እዚያ ከሷ በፊት አልነበረም። በ2020 አደባባይ ወጥታ የተናገረችው አንዱ ነገር ለ«ስዋን ሌክ» ቆዳዋን በነጭ ፓውደር እንድትቀባ መጠየቋን ነው። ጃኔት ኮሊንስ እምቢ ካለች ሰማንያ ዓመት በኋላ ማለት ነው፤ ቡናማው ጫማ ሱቅ ውስጥ እየተሸጠ። በ2023 ደግሞ አባቱ ሴኔጋላዊ የሆነው ጊዮም ዲዮፕ የፓሪስ ኦፔራ ባሌት የመጀመሪያው ጥቁር «ኤቷል» ሆነ፤ በዚያ ቤት የመጨረሻው ማዕረግ ነው። ታልዮኒ የደነሰችበት ያው ቤት። ነገሩ እየተለወጠ ነው፤ ግን አንድ በአንድ፣ ስም እየተጠራ በሚቆጠር ፍጥነት።

እኔን ያስቆመኝ ጫማው ነው ብል ውሸት ይሆናል። ኮሌጅ መጣ፣ ገንዘብ አልበቃም፣ ቁርጭምጭሚቴም አስቸገረኝ። ሆኖም እነዚያን 160 ሰዓታት አንዳንዴ አስባቸዋለሁ። አጠገቤ የነበሩት ልጆች በዚያ ሰዓት ይተኙ፣ ይለማመዱ፣ ወይ ዝም ብለው ቲቪ ይዩ ነበር። እኩል ለመጀመር ቀድሞ መነሳት ነበረብኝ፤ ማንም ደግሞ ይህን እንደ ሥራ አይቆጥረውም።

ባለፈው ጥቅምት የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያ ፑዋንቷን ልትገዛ ወሰድኳት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ጠይም ናት፣ ወሬዋ አያልቅም። መንገድ ላይ ስለ ሃርለም፣ ስለ ጃኔት ኮሊንስ ልነግራት ጀምሬ ነበር፤ እሷ ስለ ክፍል ጓደኛዋ ድመት መናገር ፈለገች። ሱቁ ውስጥ ልጅቷን የምትለካው ሴትዮ ሁለት ካርቶን አወጣች፤ ሮዝና ቡናማ። ቡናማው ትንሽ ይጠቁርባት ነበር፤ መሃል ላይ ያለው ቀለም በሷ ቁጥር አልቋል። ከአራቱ የአማርኛ ቀለሞቻችን ይልቅ የሱቁ መደርደሪያ ገና ያንሳል።

«ሁለቱንም ልሞክር?» አለች። ግራ እግሯ ላይ ሮዙን፣ ቀኝ እግሯ ላይ ቡናማውን አደረገች። ብረቱን ይዛ መስታወቱ ፊት ተነሳች። እኔ ምንም ላለማለት ምላሴን ነከስኩ። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እያየች ቆየች።

«ሮዙ ያምራል» አለች በመጨረሻ። ልቤ ትንሽ ወረደ። «ይኼኛው ግን እግሬን ያስረዝመዋል።»

ስለ ታሪክ አልነበረም የምታወራው። ስለ መስመር ነበር፤ እንደ ማንኛዋም ዳንሰኛ። ሴትዮዋ ተንበርክካ ጫማው ውስጥ ጣቶቿ እንዴት እንደተቀመጡ በእጇ እየዳሰሰች ያማል ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«በጣም!» አለች የአክስቴ ልጅ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ፣ እና ሌላኛውንም ቡናማ ልታደርግ ቁጭ አለች።